የአፍንጫው ጥላሸት

ቀዳዳው 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፍ-5ኢ የሚባለው ተዋጊ ጄት አፍንጫው ላይ፣ ከአብራሪው ፊት ለፊት፣ ጎን ለጎን የተጠመዱ ሁለት ባለ20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ የምሠራው ሞዴል ልኩ 1 ለ48 ነውና 20ን ለ48 ሲያካፍሉት የሚገኘው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚያወጣ ፑንታ አራት አምስት የፀጉር ዘለላ ጎን ለጎን ቢደረደር ያህል ይወፍራል። በማሽን አይሞከርም። ትንፋሽ ተውጦ፣ በሁለት ጣት፣ እንደ ሰዓት ሠሪ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ሦስት ሰበርኩ። አራተኛውን ላለመስበር ብዬ ነገሩን ተውኩትና ከፋርማሲ መርፌ ገዝቼ ጫፉን በሞረድ ቆረጥኩት። ቀዳዳው ተበስቶ የመጣ፣ ጠርዙ ስስ፣ ብረቱም የእውነት ብረት። ለክትባት የተሠራው መርፌ በአፍታ የመድፍ አፈሙዝ ሆነ።

ይህን የማደርገው ሌሊት ነው፤ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ። ከፊቴ ወረንጦ፣ ምላጭ፣ አጉሊ መነጽር፣ ሦስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት፣ በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ክዳን ላይ የተጨመቀ ስቱኮ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ባለቤቴ ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ «አውሮፕላን ይሠራል» ትላለች። እንግዳው መጀመሪያ ይደነቃል፤ መደርደሪያውን ሲያይ ደግሞ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር ይነበባል። አልከራከርም። ሰው በዚህ ዕድሜው ከዚህ የባሰ ነገር ላይ ሌሊቱን ሲያነጋ አይቻለሁ።

ካርቶኑን እህቴ ናት ከአሜሪካ በሻንጣዋ ያመጣችልኝ። የተሠራው ግን ታይዋን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ታይዋን ከአሜሪካው ኖርዝሮፕ ኩባንያ ፈቃድ አግኝታ ይህንኑ ጄት ራሷ ከ300 በላይ ሠርታለች። እዚያ አገር ያለ ሰው ኤፍ-5ን የሚያውቀው እኛ ቮልስዋገንን የምናውቀውን ያህል ሳይሆን አይቀርም። ካርቶኑ ሲከፈት ግራጫ ፕላስቲክ ነው፤ ክንፉ፣ ጎማው፣ የአብራሪው ወንበር፣ የጭስ መውጫው፣ ሁሉም እንደ ወይን ፍሬ ከዘለላቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። እየቆረጡ፣ እየሞረዱ፣ እያጋጠሙ መሄድ ነው። ማጣበቂያው ማጣበቂያ ይባል እንጂ እንደ ኮላ በሁለቱ መካከል አይቀመጥም። ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ የቀለጡት ሁለት ገጾች ይዋሃዳሉ፤ ፈሳሹ ተንኖ ይሄዳል። የደረቀውን ቦታ በምላጭ ብትሰነጥቀው በመካከላቸው ከራሳቸው በስተቀር ምንም አታገኝም። ስለ ጋብቻ የሚሰብክ ቄስ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚያቀብለው ግሥ መሰለ ነው። ከመሰለ ምስል ይወለዳል፤ አምሳያ ይወለዳል፤ ምሳሌም ይወለዳል። ከዚያው ቤት ማስመሰልና አስመሳይ ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሳለሙትና ዕድር ላይ የሚታማው የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን «ይመስለኛል» ነው። በየቀኑ መቶ ጊዜ እንለዋለን፤ አናዳምጠውም። ሐሳብ ስንሰጥ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እኛ አይደለንም። ነገሩ ነው መጥቶ የሚመስለን፤ እኛ ተቀባዮች ነን። አንድ ነገር ከፊታችን ቆሞ መልክ እስኪይዝ እንጠብቃለን፤ መልክ ሲይዝ «መሰለኝ» እንላለን። እንግዲህ በወረንጦና በምላጭ ሌሊቱን ሙሉ አንድን ነገር መልክ እያስያዝኩ የማድረው እኔ እያሰብኩ ነው፤ ቢያንስ በአማርኛ እያሰብኩ ነው። ሥራው ላይ የቆየ ሰው ደግሞ በምስልና በማስመሰል መካከል ያለው ድንበር የት ላይ እንደሆነ ሳይወድ በግድ ይማራል።

እኔ መጀመሪያ ላይ ነገሩ የቁጥር ይመስለኝ ነበር። እውነተኛው 14.45 ሜትር ይረዝማል፤ የኔው 30 ሳንቲ ሜትር። እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 8.13 ሜትር ነው፤ የኔው 17 ሳንቲ ሜትር። ያለቀለት ሒሳብ። አንድ ሌሊት ግን ክብደቱን ላስላ ብዬ ተነሣሁ። ርዝመት 48 ጊዜ ሲያንስ ገጽ 2,304 ጊዜ ያንሳል፤ ይዘት ደግሞ 110,592 ጊዜ። ባዶው ጄት 4,349 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የኔ አውሮፕላን በክብደትም አምሳያ ቢሆን ኖሮ 39 ግራም ብቻ መሆን ነበረበት፤ የአንድ የሐበሻ እንቁላል ክብደት። የኔው ከዚያ ይበልጣል። ይህም አልበቃው ብሎ ሚዛኑ ወደ ኋላ ስለሚያደላ በሦስት ጎማው አልቆም አለ፤ ጅራቱ ላይ ቁጭ ይላል፣ እንደ ውሻ። ስለዚህ ከአብራሪው ወንበር ፊት፣ አፍንጫው ውስጥ፣ የዓሣ አጥማጅ እርሳስ ሸጉጬ ዘጋሁበት። እውነተኛው ላይ መድፎቹ በሚተኙበት ቦታ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ውሸቶቹን መቁጠር ጀመርኩ። የአውሮፕላኑን ገላ የሸፈኑት ላሜራዎች የሚገናኙበት መስመር አለ፤ እውነተኛው ላይ ጥፍር የማያስገባ ስስ ክፍተት ነው። ሞዴሉ ላይ መስመሩ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ተቦርቡሯል። ያንን በ48 አባዛው፦ 14 ሚሊ ሜትር። አውራ ጣት ሊያስገባ ምንም ያልቀረው ስንጥቅ ገላውን ሙሉ የዞረው ጄት ከመሬት አይነሣም፤ ቢነሣም አይመለስም። ታዲያ ለምን በልኩ አይቦረቦርም? አንድ ጊዜ ሞክሬአለሁ። መስመሮቹን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልፍቼ፣ በቀጭን መርፌ ጫፍ እንደገና ጫርኳቸው። ቀለሙ ሲቀባ ሁሉም ጠፉ። ክንፉ ግማሹ ያለቀ ሳሙና መሰለ። ልኩ ትክክል፣ መልኩ ውሸት። ዓይን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ዓይን አውሮፕላኑ ከቁርጥራጭ መገጣጠሙን፣ ሰው እጅ እንዳለበት ማወቅ ይፈልጋል፤ ያንን ለማሳየት የመስመሩ ልክ መጋነን አለበት።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። እውነተኛው ጄት የተቀባበትን ቀለም ከነቆርቆሮው አምጥተህ ሞዴሉን ብትቀባው ይጠቁርብሃል። ትልቁን አውሮፕላን የምታየው ከሩቅ ነው፤ በአንተና በእሱ መካከል አየር አለ፤ አየሩ ቀለሙን ያፈዘዋል። ትንሹን የምታየው ከክንድህ ርቀት ነው። ስለዚህ የለመዱት ሰዎች ቀለሙ ላይ ጥቂት ነጭ ጠብ ያደርጋሉ። ርቀትን ጠርሙስ ውስጥ መቀላቀል ልትለው ትችላለህ። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ይህንን እወዳለሁ፤ መብራት ሲጠፋ መርጫው ካፉ ላይ ቢደርቅም፣ መጭመቂያው በውድቅት ሌሊት ጎረቤት ቢቀሰቅስም፣ የመንገዱን አየር በጠብታ የምለካባት ያቺ ሰዓት ትክሰኛለች።

ሥራው ግን ሁልጊዜ እንዲህ የሌሊት ሥራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአገሪቱ ተማሪዎች 500,000 የአውሮፕላን ሞዴሎችን ከእንጨት ጠርበው እንዲያስረክቡ ጥሪ አቀረበ። ልኩ 1 ለ72፣ ቀለሙ ጥቁር። መስመር የለው፣ መስኮት የለው፣ ምልክት የለው። 10 ሜትር ርቆ የተንጠለጠለ እንዲህ ያለ ሞዴል 720 ሜትር ላይ የሚበር እውነተኛ አውሮፕላንን ያህላል፤ ተኳሾችና የሰማይ ጠባቂዎች በዚያ ላይ ዓይናቸውን አሠለጠኑ። የትኛው የወዳጅ ነው፣ የትኛው የጠላት ነው የሚለውን በሰከንድ መለየት ነበረባቸው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት አናጺ ክፍል ያወጡት ያ ጥቁር እንጨት የጦርነቱ አካል ነበር ማለት ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ከራሴ አልወጣም። ለመተኮስ የሚያስፈልገው ጥላ ብቻ ነው። የክንፉ ቅርጽ፣ የጅራቱ ቁመት፣ አለቀ። መስመሩ፣ ሪቬቱ፣ መሰላሉ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ የተፋቀው ቀለም፣ መካኒኩ ዘይት በነካው ጫማ ረግጦት የሄደው ክንፍ፣ ወንበሩ ላይ የተጣለው ቀበቶ፣ እነዚህ ሁሉ ለአነጣጣሪ ትርፍ ነገሮች ናቸው፤ እንዲያውም ካያቸው እጁ ይዘገያል። እኔ ደግሞ ሌሊቱን የማጠፋው በነዚህ ትርፍ ነገሮች ላይ ነው። አነጣጣሪው የጣለውን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ይህ ለሥራዬ ክብር ለመስጠት የፈጠርኩት ሰበብ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከርቀቱ የሚያስተኩሰው ጥላ ከሆነ፣ ቀርቦ ማየት ቢያንስ ሌላ አቅጣጫ ነው።

ቀርቦ ማየት የማይቻልበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቴስተርስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ መንግሥት አለ ብሎ ያላመነውን፣ ራዳር አያየውም የተባለውን ተዋጊ «ኤፍ-19» ብሎ ሞዴሉን ለገበያ አወጣው። ገበያው ተሻማበት፤ ወሬው ኮንግሬስ ድረስ ደረሰ፤ ምሥጢር የሆነው ነገር እንዴት መጫወቻ ቤት ይሸጣል ተባለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 የእውነተኛው የኤፍ-117 ፎቶ ሲወጣ አንዱም አልተገናኘም። ሞዴሉ እንደ ዓሣ ለስላሳና ክብ ነበር፤ እውነተኛው እንደተጠረበ ድንጋይ ጠፍጣፋ በጠፍጣፋ። በብዙ ሰው መደርደሪያ ላይ የቆመው ምስል የማንም ምስል አልነበረም። ያን ሞዴል የሠሩት ሰዎች ግን መስመሩን በጥንቃቄ ቦርቡረዋል፤ ለሌለ አውሮፕላን ቀለም መርጠዋል፤ ምናልባት የጭስ ምልክትም አድርገውበታል። ጥንቃቄ ብቻውን ወደ እውነት አያደርስም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

የኔ አውሮፕላን ግን ነበረ። በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ደብረ ዘይት ከሐረር ሜዳ ይነሡ ነበር። ከተማዋ ቢሾፍቱ የሚለው ስሟ ከተመለሰላት ስንት ዓመቷ ነው፤ የኔ አፍ ግን እዚያው ደብረ ዘይት ላይ ቀርቷል። እዚያ ያደገ ሰው ጄትን መጀመሪያ የሚያውቀው በመስኮት መስታወት ነው፤ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል፣ ዓይን ሲደርስ ሰማዩ ባዶ ነው። ሞዴል ይህን ሁሉ መሸከም አይችልም። ድምፅ በ48 አይካፈልም።

አውሮፕላኑን የኛ የሚያደርገው የመጨረሻው ነገር ዲካሉ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲነከር ከወረቀቱ የሚለቅ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ምልክት። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በወረንጦ ይዘህ ክንፉ ላይ ታንሸራትተዋለህ፤ ትንሽ ካመለጠህ ይታጠፍና አበቃለት። መደርደሪያዬ ላይ ያልተከፈተ የሚግ-21 ካርቶን አለ። ሶማሊያ በኦጋዴኑ ጦርነት ያሰለፈችው ተዋጊ ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ሰጥታት። ሶቪየቶች በወራት ውስጥ ጀርባቸውን ወደ ሶማሊያ፣ ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ ሲያዞሩ ያው ሚግ-21 ለኛም መጣ፤ የኛ አብራሪዎችም በረሩበት። ስለዚህ ያ ካርቶን ሲከፈት ያው ግራጫ ፕላስቲክ፣ ያው ክንፍ፣ ያው አፍንጫ ነው የሚወጣው፤ ጠላትም ወገንም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ውኃ ውስጥ የሚነከረው የትኛው ወረቀት እንደሆነ ብቻ ነው። ምናልባት ካርቶኑን እስካሁን ያልከፈትኩት ለዚህ ይሆናል።

ሞዴል ሠሪ ሌላ የማያመልጠው ግዴታ አለበት፤ ቀን መምረጥ። ሰው ሥዕል ሲያስል ፊቱን ያስተካክላል፤ አውሮፕላን ግን በየቀኑ መልኩ ይለወጣል። ዛሬ የታጠበ ነው፣ ነገ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ከነገ ወዲያ ከሌላ አውሮፕላን የተፈታ ክዳን ይገጠምለታል፣ ቀለሙም አይመሳሰልም። «የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ» የሚባል ነገር የለም፤ የአንድ ቀን የአንድ ሰዓት ኤፍ-5ኢ ነው ያለው። እኔ ሐምሌ 1969ን መረጥኩ። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገብቶ፣ በሰማይም ኤፍ-5ና ሚግ የተጋጠሙበት ወር ነው። በዚያ ሰማይ ላይ የበላይነቱን የያዙት የኛዎቹ ነበሩ።

የአብራሪውን መስታወት ክፍት አደረግሁት፤ ወንበሩ ባዶ፣ ቀበቶዎቹ ግራና ቀኝ የተጣሉ። ቀበቶዎቹን ከሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የሠራሁ ሲሆን ለነሱ ብቻ ሁለት ሌሊት ሄዷል። ባዶ ወንበር የሚያሳዝን ይመስላል፤ ለአውሮፕላን ግን የምሥራች ነው፤ ሰውዬው በሰላም ወርዷል ማለት ነው። ያልተመለሰ አውሮፕላን ሞዴል ሊሠራለት አይችልም፤ ቢሠራለትም ከመሄዱ በፊት ያለው ነው። ጄኔራል ለገሰ ተፈራ በዚያ ጦርነት ከታወቁት የኤፍ-5 አብራሪዎች አንዱ ናቸው። አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቁና 11 ዓመት በእስር ቆዩ፤ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ምርኮኛ የተለዋወጡት በ1980 ነው። የእሳቸውን የመጨረሻ አውሮፕላን ልሥራ ቢል ሰው፣ ጠዋት ላይ ማቆም አለበት፤ ገና ሳይነሡ፣ መካኒኩ መሰላሉን ደግፎ ይዞ።

እዚህ ስደርስ ነበር ጥላሸቱ ላይ የቆምኩት።

ሌላው ሁሉ አልቋል። ቀለም ደርቋል፣ ዲካል ተለጥፏል፣ ክንፉ ሥር ዘይት የፈሰሰበት መስመር ተሥሏል። የቀረው የመድፎቹ ዙሪያ ነው። መድፍ ሲተኮስ የባሩዱ ጭስ አፍንጫው ላይ ያርፋል፤ ከአፈሙዙ ጀምሮ ወደ መስታወቱ የሚሳብ ጥቁር ምላስ ይተዋል። ሥራው ቀላል ነው፤ ጥቁር ዱቄት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ግማሽ ደቂቃ። ያን ሌሊት ብሩሹን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ያደረግኋቸው ምልክቶች ሁሉ ስለዚህ አውሮፕላን ብቻ የሚናገሩ ነበሩ። ዝናብ ነክቶታል፣ ፀሐይ አግኝቶታል፣ ሰው ወጥቶበታል። ጥላሸቱ ግን ስለሌላ ሰው ነው የሚናገረው፤ ከፊት ለፊት ስለነበረው። እያንዳንዱ መድፍ 280 ጥይት ይይዛል፤ በደቂቃ 1,500 ይተፋል። ሒሳቡ 11 ሰከንድ ይመጣል። ያለው ሁሉ 11 ሰከንድ ነው፤ አብራሪው በሰከንድ በሰከንድ እየቆነጠረ ይጠቀምበታል። ጥላሸቱን ከቀባሁት ከነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ቢያንስ አንዷ አልፋለች፤ ሐርጌሳ ወይ በርበራ ልጇን የምትጠብቅ እናት ነበረች። ካልቀባሁትስ? ያኔ ሰልፍ ላይ የሚቆም አውሮፕላን ሠራሁ። ሐምሌ 1969 ብዬ ቀን መርጬ፣ ቀኑን ራሱን አጠብኩት። ሁለቱም አላስተኛ አለኝ። ሰው ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ነገር የለም እንዴ ትሉኝ ይሆናል፤ አለ። ግን ነገር የሚመጣው በመጣበት በር ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አውሮፕላኑን የጫማ ካርቶን ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ ቢሾፍቱ ወረድኩ፤ የእናቴ ወንድም ዘንድ። አየር ኃይል ውስጥ የጦር መሣሪያ ቴክኒሺያን ነበሩ፤ ሐምሌ 1969ን ድሬዳዋ ነው ያሳለፉት። ስለዚያ ጊዜ ጠይቄአቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አውርተውልኝ አያውቁም። የሚያወሩት ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ላሜራው እጅ ያቃጥል ስለነበረ ሌሊት ሌሊት ይሠሩ እንደነበር።

ካርቶኑን ከፍቼ አውሮፕላኑን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። አንድ ቃል ሳይናገሩ በሁለት ጣት ክንፉን ያዙና አዞሩት፤ አፍንጫው ወደ ግድግዳው ሆነ። ያኔ ብቻ ነው ወንበራቸውን ያስጠጉት። ሲኒያቸው ከወዲያ ማዶ ነበር፤ እጃቸውን በአፍንጫው በኩል አላሳለፉም፤ በጅራቱ ዞረው አነሡት። የ30 ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ መሆኑን ከኔ በላይ ያያሉ። እጃቸው ግን ያየውን ያውቃል።

«ጋሼ፣ እዚህ አፈሙዙ ዙሪያ ምን ዓይነት ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ይሆናል፤ ጥቁር ነዋ።»

«ሁልጊዜ?»

«ተኩሶ ሲመጣ። ከዚያ እናጥበዋለን። ነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ። ሳይታጠብ አያድርም፤ ካደረ ላሜራውን ይበላዋል።»

«እንግዲያው ንጹሕ ነበር ማለት ነው፣ ቆሞ ሲታይ።»

ሲኒውን አስቀመጡ። «ንጹሕ አላልኩህም» አሉ። «የታጠበ ነው ያልኩህ።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሳልጠይቃቸው ቀጠሉ። አውሮፕላኑ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያዩት አፍንጫውን እንደነበረ። ጥቁር ከሆነ የጥይት ሣጥኑን ከፍተው የቀረውን ይቆጥራሉ። «አብራሪው ሲጠየቅ ሊሳሳት ይችላል፤ ነፍስ ላይ ሆኖ ማን ይቆጥራል? ሣጥኑ ግን አይሳሳትም። ስንት እንደወጣ የምናውቅ እኛ ነን።» ሙሉውን ይዞ የሚመለስም ነበር፤ ያን ቀን ጨርቁ አይነካም። ሌላ ቀን ደግሞ ጨርቅ ያልቅባቸውና የራሳቸውን ካናቴራ ይቀዱ ነበር። ይህን ሲሉ ሳቅ ብለዋል። ከዚያ ስለ ሙቀቱ ወደ ማውራቱ ተመለሱ፤ እኔም አልገፋሁም።

ስነሣ አውሮፕላኑን ራሳቸው ናቸው ጥጥ ውስጥ ያስገቡት። መርፌዎቹን በጣታቸው ጫፍ፣ ሳይነኩ፣ አሳዩኝ። «ይኼ ጥሩ ነው» አሉ።

ሌሊት ላይ ከቡናው ማንደጃ ከሰል አንሥቼ በማንኪያ ጀርባ ደቆስኩት። በብሩሽ ሁለቱም አፈሙዞች ዙሪያ ቀባሁት፤ ሳልሳሳ፣ እስከ መስታወቱ ድረስ። ተሳስቶ የጠቆረ እስኪመስል ድረስ። ትንሽ ተቀምጬ አየሁት። ከዚያ የአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሬ ጠረግሁት፤ ከፊት ወደ ኋላ፣ ክንድ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ አፍንጫው ሥር ቆሞ እጁን የዘረጋ ሰው እንደሚጠርገው። ላዩ ለቀቀ። ሪቬቶቹ ውስጥ ግን አለ፤ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው ብዬ ስሰድበው የነበረው መስመር ውስጥም ጠልቆ ገብቷል፤ አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ የጨርቁ ክር የሳበው ግራጫ ጭረት ቀርቷል። እንደገና ጠረግሁ። ያው ነው።

ጨርቁን ጋዜጣው ላይ አኖርኩት። ከአውሮፕላኑ ይልቅ እሱ ነበር የጠቆረው።